በር ተቆልፎ የተናገረው ቴሌክስ

የወንድሜ ልጅ ሰላም ባለፈው ሰሞን ኮምፒዩተሯን አቅፋ ቤቴ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። አንድ ፕሮግራም ጽፋለች። ፕሮግራሙ የኢሜይል ሳጥኗን በራሱ ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያስገባል፣ የመጣውን ደብዳቤ ያነባል፣ መልስ ለሚያስፈልገው መልስ ይልካል። እሷ እግሯን አጣምራ ሻይዋን ትጠጣለች። "አክስቴ፣ እዪው እስቲ፤ ሰው ሳይነካው" አለችኝ ዓይኗ እየበራ።

"እኔ ይኼን የሠራሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው" አልኳት።

ሳቀች። በደርግ ጊዜ? ድሬዳዋ ላይ? በምን ኮምፒዩተር? እውነቷን ነው፤ ያኔ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁም ነበር። ግን ሠርቻለሁ። ምስክሬ የገዛ አባቷ ነው፤ ሽቦውን ያገናኘልኝ እሱ ነውና። ሰውም ታስሮበታል። ይኼን ስላት ሳቋን አቁማ ኮምፒዩተሯን ከደነችና "ንገሪኝ" አለች። ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በሚገኝ አንድ የትራንዚት መሥሪያ ቤት የቴሌክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጅቡቲ በባቡር የሚገባው ዕቃ በእኛ እጅ ያልፋል። ቴሌክስን ለማታውቁት፣ ከመስመር ጋር የተያያዘ ትልቅ የጽሕፈት መኪና ማለት ነው። ድሬዳዋ ተቀምጬ የምጽፈው አዲስ አበባ ባለው ማሽን ላይ እየተንጣጣ ይታተማል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። ጉራ አይሁንብኝና በዚያ ከተማ ከእኔ የሚፈጥን ጣት አልነበረም። ጉራ ቢሆንም እውነት ነው።

የድሬን ቀትር የማያውቅ ሰው ግን ይኼ ታሪክ አይገባውም። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ከተማዋ ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ጋሪው ፈረሱን ፈትቶ ጥላ ሥር ይቆማል። የሚቅም በርጫውን ይይዛል፣ የማይቅም ይተኛል። በማለዳ ገብተን ቀትር ላይ እንወጣና ፀሐይዋ ስትሰበር ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመለሳለን። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን ይኼን ሊገባው አልቻለም። እዚያ ሰው በቀትር ካፖርት ደርቦ ነው ምሳ የሚበላው። ትልቁ ኃላፊ ከምሳ ሲመለስ የየቅርንጫፉን የዕቃ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ማግኘት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አስቴር የምትባል የቴሌክስ ሠራተኛ ሰባት ሰዓት ላይ በየተራ እየደወለች ትሰበስባለች። አስቴርን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ሥራ ቀለል ሲል ግን በማሽኑ እናወራለን፤ ስለ እናቷ ሕመም፣ ስለ እኔ ትዳር እምቢተኝነት፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብና ስለ ድሬ ሙቀት።

እንግዲህ ከተማው ሁሉ ተኝቶ እኔ ብቻዬን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እየቀለጥኩ አንድ ደወል እጠብቅ ነበር። ጥቂት ወራት ታገስኩ። ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀና አእምሮዬ ሥራ ጀመረ።

ማሽኑ ሁለት ነገሮችን ያውቅ ነበር። አንደኛ፣ ደዋዩ "ማን ነህ" የሚለውን ቁልፍ ሲነካ ሰው ኖረም አልኖረም የመሥሪያ ቤቱን ስም ራሱ ይመልሳል፤ ለዚህ ተብሎ ውስጡ የገባ ጥርሳም ክብ ብረት አለ። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን አስቀድሞ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ መብሳት ይቻላል። ጥብጣቡን አጉርሶ ማስነሻውን መጫን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ቀዳዳውን እያነበበ ይልከዋል። የጎደለው ማስነሻውን የሚጫን ጣት ነበር። ወንድሜ ዮሴፍ የባቡር ጋራዥ ኤሌክትሪሻን ነው። አንድ እሁድ አስገባሁትና ክቡ ብረት ስም መልሶ ሲጨርስ ማስነሻውን የሚነካ የነሐስ ቁራጭ ገጠመልኝ። ከዚያ ወዲያ ረፋድ ላይ ሪፖርቴን በስቼ፣ ጥብጣቡን አጉርሼ፣ ቤቴ ሄጄ እተኛ ጀመር። አስቴር ስትደውል ማሽኑ ስሙን ይናገራል፣ ሪፖርቱን ይልካል፣ ዝም ይላል። ማንም አልተጎዳም፤ ሪፖርቱም አንድ ቀን አልዘገየም።

ይኼን ከዮሴፍ ሌላ የሚያውቀው የቢሮው ዘበኛ አው ሙሜ ብቻ ነበር፤ "አው" ለአዛውንት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የቢሮው ቁልፍ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ነው። ቀትር ላይ በረንዳው ላይ ምንጣፉን ይዘረጋል፣ ይሰግዳል፣ ጋደም ይላል። አዛውንቱን "አለ፣ ሄደ" እያልኩ ስጽፍ እንዳትታዘቡኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ኖሮ እንኳ ማንም አይለብሰውም። መጀመሪያ ቀን ባዶው ክፍል ውስጥ ማሽኑ ሲንጣጣ ሰምቶ ስመለስ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ዋናው መሥሪያ ቤት ቀትር ላይ እንደምወጣ ካወቀ ጭቅጭቅ ነውና "ለሰው እንዳትናገር፣ አደራ" አልኩት። "ሀዬ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶትም አያውቅ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጓድ ጌታሁን የሚባል ሰው መጣ። ቅርንጫፎቹን እንዲቆጣጠር ከበላይ የተላከ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ድሬዳዋ ለድንበር የቀረበች ከተማ ናት፣ ወዲያ ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፣ እንደ ጓድ ጌታሁን ያለ ሰው ደግሞ ዘመድ ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል። በሥራ ቀን የሚተኛ ከተማም ገርሞታል። በመጣ በማግስቱ ቀትር ላይ፣ እኛ ሁላችን በየቤታችን ጋደም ብለን ሳለ፣ ማን ሥራ ላይ እንዳለ ሊያይ ብቻውን ወደ ቢሮአችን መጣ። የሚቀጥለውን እኔ አላየሁም፤ ከአው ሙሜና ከራሱ ከጓድ ጌታሁን አፍ የሰማሁትን አገጣጥሜ ነው።

በሩ ተቆልፏል፣ የበረንዳው መስኮት መጋረጃም ለፀሐይ ተብሎ ተጋርዷል። ከውስጥ ግን ማሽኑ ይጽፋል። አንኳኳ፤ መልስ የለም። ጮኸ፤ ማሽኑ መጻፉን አላቋረጠም። ዞሮ በረንዳው ላይ ሲደርስ አው ሙሜ ታጥቦ ጨርሶ ለዙህር ሶላት ቆሟል። "ክፈት" አለው። አው ሙሜ አልዞረም፤ ሶላት የጀመረ ሰው መልስ አይሰጥም። ጓድ ጌታሁን እንደገና አዘዘ፣ ተቆጣ፣ ስሙን ከነማዕረጉ ነገረው። አው ሙሜ ሶላቱን አደረሰ፣ ሱናውንም ጨመረ፣ ምንጣፉን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ መጣ። በሩ ሲከፈት ማሽኑ ዝም ብሏል። ሲነኩት ግን ትኩስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ለነፋስ ብለን ዘወትር ክፍት የምንተወው የጓሮ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ማን ነበር ውስጥ?"

"ማንም።"

"ማሽኑ ሲጽፍ ሰምቻለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ አቦ።"

"ታዲያ ማን ነው የጻፈው?"

አው ሙሜ ቁልፉን መልሶ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

"ለምን ወዲያው አልከፈትክም?"

"ካንተ የሚበልጥ ፊት ቆሜ ነበር።"

ይኼን መልስ ማንም ድሬዳዋ ላይ ያደገ ሰው ሰምቶ ያልፈው ነበር። ጓድ ጌታሁን ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የታየው፤ ዘበኛው ውስጥ ያለው ሰው በመስኮት እስኪያመልጥ ድረስ ሆን ብሎ ጊዜ ሰጥቶታል። ሪፖርቱ ሽፋን ነው፤ ከሪፖርቱ በኋላ ወይም በፊት ሌላ ነገር፣ ወደ ሌላ አገር ተልኳል። የአው ሙሜ ልጅ ጅቡቲ አግብታ እንደምትኖር ሲሰማ ደግሞ ነገሩ አለቀለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል። ሥራ አስኪያጃችን ጥላ ሥር ሆኖ ፊቱን በመሐረብ ይጠርጋል። በሹክሹክታ ነገረኝ፤ አው ሙሜ ጣቢያ ነው፣ ነገ ከሰዓት ወደ ሐረር ይወሰዳል፣ የደበቀውን ሰው ስም እስኪናገር ድረስ እዚያ ይያዛል። ያኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ሐረር የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚመለስ ከሆነ።

"ማንም አልነበረም እኮ" አልኩት። "ማሽኑ ነው። እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግኩት።"

ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ሮማን፣ አንቺን የጠየቀሽ አለ? ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ይኼን ነው። ዝም በይ።"

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እኔ ግን ስፈራ እግሬ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፣ እንዲሁ ተፈጥሬ። አንድ ቴርሞስ ሻይና ሳንቡሳ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። የዘብ ተራ የያዘው ልጅ የሰፈራችን ልጅ ስለነበር በሽቦው በኩል እንዳነጋግረው ፈቀደልኝ።

አው ሙሜ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ቁልፍ የለም። ያለ ቁልፉ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ለምን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ማሽኑ ራሱ እንደሚናገር።"

"አደራ ብለሽኝ የለ?"

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እሱ ግን የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ ሰዓት እንደጠየቅኩት ያህል ነው የመለሰልኝ። አደራውን አንስቼልሃለሁ፣ ንገራቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"ቅድም ዝም ብዬ አሁን ብረቱ ነው የጻፈው ብል ማን ያምነኛል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? አበደ ይሉኛል። አንቺንም ይጨምሩብኛል። ተይው፣ አላህ ያውቃል።" ቀጥሎ ሻዩን ቀመሰና ስኳር አሳንሰሻል አለኝ።

ከጣቢያው ስወጣ እያለቀስኩ ነበር። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ተናድጃለሁ። እኔ የሠራሁት ነገር ሠርቷል፤ ባይሠራ ኖሮ አው ሙሜ ዛሬ ምንጣፉ ላይ ነበር። በገዛ ሥራዬ ሌላ ሰው ሊጠየቅ ነው። እንባዬን ጠርጌ በቀጥታ ጓድ ጌታሁን ወዳረፈበት ቪላ ሄድኩ።

ሳየው ከአርባ የማይበልጥ፣ ካኪ ልብሱ በላብ ጀርባው ላይ የተጣበቀ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጥብጣቡ፣ ስለ ክቡ ብረት፣ ስለ ነሐሱ። ማን ሠራው ሲለኝ እኔ አልኩ፤ ዮሴፍ ሚስቱ ልትወልድ ደርሳ ነበር። ጓድ ጌታሁን እስክጨርስ አዳመጠኝና ፈገግ አለ። ሰው የማይነካው ብረት ብረት ነው፣ ሽማግሌውን ለማዳን ብለሽ ያመጣሽው ተረት ነው አለኝ። ተረት ለመናገርም እዚህ ድረስ መምጣቴ ራሱ ሳይጠረጠር የሚታለፍ እንዳልሆነ ጨመረልኝ።

"እንግዲያው ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ይምጡ" አልኩት። ለእሱ አንቱታዬን ከሳጥን አወጣሁለት። "በሩን እርስዎ ይቆልፉ። ቁልፉን ኪስዎ ይጨምሩ። መስኮቱን ይዝጉ፣ ከጓሮ ሰው ያቁሙ። እኔ ከጎንዎ እቀመጣለሁ። ማሽኑ ይናገራል።"

"ካልተናገረስ?"

"ካልተናገረ ከአው ሙሜ ጋር አንድ መኪና ላይ እወጣለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ደፋር ነሽ።"

"ሥራዬን ነው የማውቀው።"

ተስማማ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ፤ እስከዚያው ወደ አዲስ አበባ አንድ ፊደል እንዳልልክ፣ ስልክም እንዳልነካ። አልነካም አልኩት። አስቴር እንደሆነች በየቀኑ ትደውላለች፤ ምን አስፈራኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እሱ ከበላዬ ቆሞ ሪፖርቴን በሳሁ። ቀዳዳዎቹ ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት፣ ይኼን ያህል ፉርጎ ጨው፣ ይኼን ያህል የማሽን ዕቃ። ጥብጣቡን አጎረስኩ። መስኮቱን ራሱ ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን የደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ አዝራሩን ቆለፈ። የበረንዳውን መጋረጃ ገልጠነዋልና በመስታወቱ በኩል ማሽኑ በደንብ ይታያል። በረንዳው ላይ የአው ሙሜ ምንጣፍ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ዘረጋሁትና ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ቆሞ ቀረ፤ ሙቀቱ ሲብስበት ግን በሌላው ጫፍ ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ደወል የለም።

አልደነገጥኩም። መስመር ይያዛል፣ ሌላ ቅርንጫፍ ይረዝማል፣ ያለ ነገር ነው። የከዚራ ዛፎች ቅጠላቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። በመንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ጓድ ጌታሁን የአንገቱን አዝራር ፈታ። እኔ ዮሴፍ የገጠመውን የነሐስ ቁራጭ በልቤ እያየሁት ነው፤ ሙቀት ያጣምመው ይሆን? አያጣምመውም። ትናንት ሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል። ጥብጣቡን ገልብጬ አጉርሼው ይሆን? እኔ ጥብጣብ አልገለብጥም። ቀሪው ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በእጄ አልነበረም፤ አስቴር።

ቀስ እያለ አንድ ሐሳብ ገባኝ። ትናንት ጓድ ጌታሁን ለዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውሎ ይሆናል። ድሬ ላይ ሰላይ ተይዟል ብሎ ይሆናል። ታዲያ ከሰላይ ማሽን ሪፖርት የሚቀበል ማን ነው? ዘወር ብዬ አየሁትና ጠየቅኩት። "በእርግጥ አሳውቄያለሁ" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ላቤ የቀዘቀዘው።

ከዚያ መኪናው መጣ። ከሰዓት ወደ ሐረር የሚሄደው ላንድሮቨር ነው፤ ጓድ ጌታሁን በዚያው በቢሮው በኩል እንዲያልፍ አዝዞ ኖሯል። አው ሙሜ ከኋላ በሁለት ወታደር መሐል ተቀምጧል። በረንዳው ላይ ሁለታችንን በገዛ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ሲያየን ግራ ገባው። ከዚያ ነገሩ የገባው መሰለኝ፤ አንገቱን አስግጎ በተዘጋው መስኮት ወደ ማሽኑ አየ።

"ሮማን" አለኝ ከመኪናው ላይ፣ "አብሽሪ።"

እሱ ነው እኔን ያጽናናኝ።

ጓድ ጌታሁን ተነስቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። ከተማሽ ተኝቷል፣ ማሽንሽም ተኝቷል አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ እንደ ደከመው ሰው። ነይ ተሳፈሪ አለ። ተነሳሁ። ምንጣፉን አጠፍኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሰው ምንጣፍ ሜዳ ላይ መተው ነውር መሰለኝ። ወደ ግድግዳው ላስደግፈው ጎንበስ ስል ከውስጥ ደወሉ ጮኸ።

ሁላችንም ባለንበት ቀረን። የማሽኑ ሞተር ተነሳ፤ ያን ድምፅ ከእናቴ ድምፅ ቀጥሎ የወደድኩት ያን ቀን ነው። ጥቂት ፊደሎች ታተሙ፤ አስቴር "ማን ነህ" አለች። ክቡ ብረት ዞሮ የመሥሪያ ቤታችንን ስም መለሰ። ቀጠለና ጸጥ አለ። የጸጥታው ርዝመት ዕድሜዬን ያሳጠረው ይመስለኛል። ከዚያ ነሐሱ ጠቅ አለ፣ ጥብጣቡ ተንቀሳቀሰ፣ ማሽኑ ጨውንና የማሽን ዕቃውን ይቆጥር ጀመር። ጓድ ጌታሁን ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያያል። በአንድ እጁ የደረት ኪሱን ይዟል፤ ቁልፉ እዚያው ነው። ባዶ ወንበር ፊት ለፊት የፊደል ቁልፎቹ ሳይነኩ ወረቀቱ እየተጻፈ ወደ ላይ ይወጣል።

ሲያልቅ በሩን ከፍቶ ገባ። ከጠረጴዛው ሥር አየ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አየ። ከዚያ ወረቀቱን ቀዶ ጠዋት ካነበብኩለት ጋር አስተያየ። ዞሮ "ስሜን ጻፊበት" አለኝ። ስሙን በጥብጣብ ላይ በሳሁለትና መስመሩን ዘግቼ አስነሳሁት። ማሽኑ ስሙን ሲጽፍ ያ ሰው እንደ ልጅ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ዮሴፍ" አለኝ፣ "ይኼን የሠራው ወንድምሽ ነው አይደለም? ባቡር ጋራዥ ወንድም እንዳለሽ ትናንትናውኑ ነው የነገሩኝ።" ነሐሱን በጣቱ ነካ። "ነገ መጥቶ ይንቀለው። ሰው በሌለበት የሚናገር ነገር አልፈልግም። የሚናገር ነገር ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ያስፈልገዋል።" ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። ወደ በረንዳው ወጥቶ ወታደሮቹን አውርዱት አላቸው፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በገዛ እጁ ለአው ሙሜ ሰጠው።

አው ሙሜ ቁልፉን አንገቱ ላይ አጠለቀ። "ዙህር ላይ መኪና ውስጥ ነበርኩ" አለው ለጓድ ጌታሁን፣ "አሁን ብሰግድ ይከፋሃል?" ምንጣፉን አቀበልኩት።

በኋላ እንደሰማሁት ያን ቀን አስቴር ድሬዳዋ እንዳትደውል ታዝዛ ነበር። ኃላፊዋ ምሳ ወጥቶ እስኪርቅ ጠበቀችና ደወለች። የአው ሙሜን ነገር ሁሉ አጫውቼ ለምን ደወልሽ ስላት የመለሰችልኝ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ዝም ስትዪኝ ፈራሁ አለች። የሰባት ሰዓቱን ሪፖርት የምልከው እኔ እንዳልሆንኩም ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። "አንቺ ስትጽፊ አንዳንድ ቦታ ትቆሚያለሽ፣ ታስቢያለሽ። ሰባት ሰዓት ላይ ግን አትቆሚም" ብላ ጻፈችልኝ። ለማንም አልተናገረችም። እሷም በራሷ ጊዜ አደራ ጠብቃልኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ማሽን በመሥራቴ አልተጸጸትኩም። ዛሬም ብሆን እሠራዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአፌ አልጠፋም፣ ለሰላምም የጠየቅኳት እሱኑ ነው። አንቺ ተኝተሽ በስምሽ የሚናገር ነገር ስትሠሪ በሩ ላይ ቁልፍ አንግቶ የተኛው ማን ነው? ሲንኳኳ የሚጠየቀው ማን ነው? ሰላም የሚጠየቅ ሰው የለም አለችኝ። ሁልጊዜ አለ አልኳት፤ እኛ ስለተኛን ነው የማናየው። ጓድ ጌታሁንን ብዙ ነገር ልቀየመው እችላለሁ፤ በዚያች አንድ ቃል ግን ልክ ነበር፣ እኔም ይዣት ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ኃላፊ ከሆንኩም ወዲህ፣ ያለ ሰው የሚሠራ ነገር ባየሁ ቁጥር በስሙ የሚጠራ አንድ ሰው አጠገቡ ሳይኖር አላለፍኩትም። ሰው ሁሉ ግትር ይለኛል።

ዮሴፍ ነሐሱን ነቀለው። እኔም ወደ ቀትር ወንበሬ ተመለስኩ። አው ሙሜ ግን ብቻዬን አልተወኝም፤ ምንጣፉን ከበረንዳው ወደ ውስጥ አስገብቶ ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር አነጠፈው፣ እኔን ለመጠበቅ ነው ይበል እንጂ ነፋሱንም ወዶታል። አስቴር እስክትደውል አብረን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ስሙ የትኞቹ ቁልፎች ላይ እንዳለ ጠየቀኝ። አሳየሁት፤ "ሙሜ" በላቲን ፊደል አራት ቁልፍ ነው። ከዚያ በየቀትሩ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ጣቱን እየቀሰረ ይለማመዳል። ጣቱ ወፍራም ነው፣ ሁለት ቁልፍ አንዴ ይነካል፣ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን አስቴር ደውላ ሪፖርቱን ልኬላት መስመሩን ልዘጋ ስል አው ሙሜ ከምንጣፉ ተነሳ። "ቆይ" አለኝ። ወንበሩን ለቀቅኩለት። ጣቱን ቀሰረ። አንድ ፊደል። ረጅም ጊዜ ፈለገ። ሁለተኛ ፊደል። አዲስ አበባ ያለችው አስቴር ሦስተኛው እስኪመጣ ጠበቀች፣ አራተኛውም እስኪመጣ ጠበቀች። ከዚያ ማሽኑ ፈጥኖ ጻፈ፣ እኔም አነበብኩለት። "ይኼ ማሽን አይደለም፣ ሰው ነው። አው ሙሜ፣ እንኳን ተፈታህ" ብላለች።

አው ሙሜ ወረቀቱን አየው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ አየ፣ እጁን አንገቱ ላይ ካለው ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

"በይ እንግዲህ" አለኝ፣ "አሁን እውነትም ልኬያለሁ። ይምጡና ይውሰዱኝ።"